ነጩ ጠጉር ከየት መጣ?

ጥቁር ላም ከጥቁር ኮርማ ተጠቅታ ቀይ ጥጃ ብትወልድ ሰው ምን ይላል? «የሌላ ሰው ኮርማ ገብቶባታል» ይላል። የኮርማው ባለቤት ይወቀሳል። እረኛው «የት ተኝተህ ነበር?» ተብሎ ይገረፋል። አንዳንዱም «ይህ ገድ የለውም» ብሎ ጥጃውን ገበያ ያወጣዋል። እኛም በየመንደሩ ስንዘዋወር እንዲህ ያለውን ክርክር ሰምተናል። ታዲያ እረኛውም ኮርማውም ያለ ጥፋታቸው የተወቀሱበት ጊዜ አለ።

ዛሬ ይህን ነገር የምንማረው በላም ሳይሆን በአንድ ትንሽ የፈረንጅ ውሻ ነው። «ደግሞ የፈረንጅ ውሻ ምን ይሠራልናል?» የሚል አይጠፋም። ላም ቢሳካላት በዓመት አንድ ጥጃ ብትወልድ ነው። ውሻ ግን በአንድ ጊዜ ሦስትም አራትም ቡችላ ትወልዳለች። ስለዚህ የመልክን ነገር ቆጥሮ ለማየት ውሻ ይመቻል። የምንነግራችሁም ታሪክ በእርግጥ የተፈጸመ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከሸማኔዎች ቤት የወጣ ውሻ

ቴሪየር የሚባሉ የውሻ ዘሮች አሉ። ስማቸው የመጣው «መሬት» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ነው። የድሮ ሥራቸው ጉድጓድ ውስጥ እየገቡ ቀበሮና አይጥ ማሳደድ ስለነበረ ነው እንዲህ የተባሉት። ከእነዚህ ውስጥ በጣም ትንሽ የሆነው አንዱ ዮርክሻየር ቴሪየር ይባላል። ክብደቱ 3 ኪሎ ያህል ነው፤ ከአንድ ትልቅ አውራ ዶሮ ብዙም አይበልጥም።

ዮርክሻየር በሰሜን እንግሊዝ ያለ አገር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እዚያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲስፋፋ፣ ብዙ ሸማኔዎች ሥራ ፍለጋ ከስኮትላንድ ወረዱ። ትንንሽ ውሾቻቸውንም ይዘው ሄዱ። ፋብሪካው አይጥ ሞልቶት ነበርና ውሾቹ አይጥ እየገደሉ እንጀራቸውን በሉ። ጠጉራቸው ረጅምና ሐር የመሰለ ስለሆነ፣ «ይህስ ከሸማኔው ዕቃ ላይ የወረደ ነው» እየተባለ ይቀለድ ነበር።

ከእነዚህ ውሾች አንዱ ሀደርስፊልድ ቤን ይባል ነበር። በ1865 ተወልዶ በ1871 ሞተ። የኖረው 6 ዓመት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ስለወለደ የዘሩ አባት ተብሎ ይጠራል። ይህን ልብ በሉ። ከጥቂት አባቶች ብዙ ዘር ሲወጣ፣ በእነዚያ ጥቂቶች ውስጥ ተሰውሮ የነበረ ነገር በብዙ ልጆች ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል። ኋላ እንመለስበታለን።

የዮርክሻየር ቴሪየር መልክ የታወቀ ነው። ቡችላው ሲወለድ ጥቁር ነው። ከዓይኑ በላይ፣ ባፉ ዙሪያና በእግሮቹ ላይ ብቻ ቡናማ ምልክት አለው። እያደገ ሲሄድ የጀርባው ጥቁር ጠጉር እየሣሣ ብረት የመሰለ ግራጫ ይሆናል፤ ቡናማውም ወርቅ ይመስላል። ይህ አዲስ ነገር አይምሰላችሁ። ግራጫ ፈረስም ውርንጭላ ሳለ ጠቆር ብሎ ነው የሚወለደው፤ ከዓመት ወደ ዓመት ነው የሚነጣው። እንግዲህ በዚህ ዘር ደንብ መሠረት የተፈቀደው መልክ ይኸው ነው፤ ጥቁር ግራጫና ወርቃማ። ነጭ የለበትም።

በሁንስሩክ የተወለደው ቡችላ

በምዕራብ ጀርመን ሁንስሩክ በሚባል ደጋማ አገር አቶ ቨርነር ቢቨርና ባለቤታቸው ወይዘሮ ገርትሩድ ቢቨር ይኖሩ ነበር። ባልና ሚስቱ ዮርክሻየር ቴሪየር ያረቡ ነበር። ጥር ወር በ1984 ዓ.ም.፣ በወሩ በ20ኛው ቀን፣ ከውሾቻቸው አንዷ ወለደች። ከቡችሎቹ መካከል አንዱ ደረቱና እግሩ ነጭ፣ ጀርባው ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ራሱ ደግሞ ሦስቱም ቀለም ያለበት ሆኖ ተገኘ። እናትየዋ ነጭ የለባትም። አባትየውም ነጭ የለበትም።

በዚያ ዘመን ብዙ ውሻ አርቢዎች እንዲህ ያለ ቡችላ ሲወለድባቸው ያፍሩ ነበር። «ዘሩ ተበላሽቷል» እንዳይባሉ በጨለማ ለሰው ይሰጡታል፤ ጨካኙም ይገድለዋል። አቶ ቨርነርና ወይዘሮ ገርትሩድ ግን ይህን አላደረጉም። ቡችላውን በጀርመንኛ «የበረዶ ብናኝ» የሚል ስም አወጡለትና አሳደጉት። ነገሩን እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ጥያቄ ያዙት፤ ለእኛ ደስ የሚለን ይኸ ነው። ነጩ ከየት መጣ?

የመነኩሴው አተር

መልሱ የተገኘው ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው፤ ያውም ከአተር ማሳ። ዛሬ ቼክ በሚባለው አገር፣ ብርኖ በሚባል ከተማ፣ ግሬጎር ሜንደል የሚባሉ መነኩሴ ነበሩ። በገዳማቸው አትክልት ቦታ ከ1856 እስከ 1863 አተር እየዘሩ ይቆጥሩ ነበር። ሐምራዊ አበባ ያለውን አተር ነጭ አበባ ካለው ጋር አዳቀሉ። የበቀለው ሁሉ ሐምራዊ ሆነ። ነጩ የጠፋ መሰለ። ያንን ሐምራዊ እርስ በርሱ አራብተው በሚቀጥለው ጊዜ ሲዘሩት ግን 705 ሐምራዊና 224 ነጭ በቀለ። ከአራቱ አንዱ ያህል ነጭ ሆነ ማለት ነው። ነጩ ለካ አልጠፋም፤ ተደብቆ ነበር።

ሜንደል ሥራቸውን በ1866 አሳተሙ። የሰማቸው አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1884 ሞቱ። ሊቃውንት ነገሩን እንደገና ያነሡት በ1900 ነው። የሞቱት በጥር በ6ኛው ቀን ነበርና፣ የቢቨሮቹ ቡችላ የተወለደው መነኩሴው ከሞቱ ልክ በ100 ዓመት ከ14 ቀን ነው። ይህ እንዲያው መገጣጠም ነው፤ ግን ደስ ይላል።

የሜንደል ትምህርት እንዲህ ነው። ሕይወት ያለው ነገር መልኩን የሚወስኑ ትእዛዞችን ከወላጆቹ ይቀበላል። ሊቃውንት ትእዛዙን ዘረመል ይሉታል። ዘረመል በጥንድ በጥንድ ነው የሚገኘው፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። ከጥንዱ አንዱ ብርቱ፣ ሌላው ድብቅ ሊሆን ይችላል። ብርቱው ካለ ድብቁ አይታይም። ድብቁ የሚታየው ከሁለቱም ወገን ድብቅ ሲመጣ ብቻ ነው።

በቃል ብቻ አይገባም፤ በእጅ እንሞክረው። ሁለት ከረጢት አምጡ። በአንዱ አንድ ቀይና አንድ ነጭ ቦሎቄ ክተቱ፤ እሱ አባት ነው። በሌላውም እንዲሁ አንድ ቀይና አንድ ነጭ ክተቱ፤ እሷ እናት ናት። ቀዩ ቦሎቄ «ሙሉ ቀለም ይሁን» የሚል ብርቱ ትእዛዝ ነው። ነጩ «ነጭ ይግባበት» የሚል ድብቅ ትእዛዝ ነው። አሁን ሳታዩ ከየከረጢቱ አንድ አንድ ቦሎቄ አውጡ። ያ አንድ ቡችላ ነው። ጻፉትና ቦሎቄዎቹን ወደየቦታቸው መልሱ። እንደገና አውጡ።

ቀይና ቀይ ሊወጣ ይችላል። ከአባት ቀይ ከእናት ነጭ ሊወጣ ይችላል። ከአባት ነጭ ከእናት ቀይ ሊወጣ ይችላል። ወይም ነጭና ነጭ። ከአራቱ በአንዱ ብቻ ነው ነጭ ያለበት ቡችላ የሚታየው። ከሁለቱ መካከለኛ ዓይነቶች የሚወለዱት እንደ ወላጆቻቸው ናቸው፤ ነጩን ይዘውታል፣ አያሳዩትም። እኛ 40 ጊዜ ብናወጣ 11 ጊዜ ነጭና ነጭ ወጣልን። ለእናንተ 8 ወይም 13 ቢወጣ አትደነቁ። በትክክል 10 ይሆናል ብሎ ማንም ቃል አይገባም።

የቢቨሮቹ ሁለት ውሾች እንዲህ ነበሩ። እያንዳንዳቸው አንድ ነጭ ቦሎቄ ደብቀው ይዘው ነበር። ወላጆቻቸውም፣ አያቶቻቸውም ሳያሳዩት ሲያቀባብሉት ኖረው ይሆናል። የሌላ ውሻ መግባት አላስፈለገም። እናትየዋ ብቻዋን አላመጣችውም፤ አባትየውም ብቻውን አላመጣውም። ሁለቱም እኩል ሰጡ።

ቢቨሮቹ ከዚያ በኋላ ነጭ ያለባቸውን ቡችሎች እየመረጡ ማርባት ቀጠሉ። እዚህ ላይ ከረጢቶቹን እናስታውስ። ሁለቱም ወላጆች ነጭ ያለባቸው ከሆኑ በሁለቱም ከረጢት ውስጥ ያለው ነጭ ቦሎቄ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚወለደው ሁሉ ነጭ ያለበት ይሆናል። በ1989 አንድ የጀርመን ውሻ ወዳጆች ማኅበር የአዲሱን ዘር ደንብ ተቀበለ። የአሜሪካም የውሻ ዘር መዝጋቢ ማኅበር በ2021 «ቢቨር ቴሪየር» ብሎ እንደ አንድ ራሱን የቻለ ዘር መዘገበው። በጨለማ ሊጣል ይችል የነበረው መልክ ዛሬ በብዙ ገንዘብ ይሸጣል። እውነቱን ለመናገር፣ ለመልክ ብቻ ብሎ ያን ያህል ገንዘብ መክፈሉ ለእኛ አይዋጥልንም። ውሻው ግን ጥፋት የለበትም።

ቦቃ ለምን በግንባር ላይ ይሆናል?

አስተውላችሁ ከሆነ፣ ጥቂት ነጭ ያለበት ከብት ወይም ውሻ ነጩ የትም አይበቅልበትም። በግንባሩ ቦቃ ይሆናል፣ በደረቱ፣ በሆዱ፣ በሰኮናው አካባቢ፣ በጅራቱ ጫፍ። ጀርባው ላይ ብቻ ነጭ ሆኖ እግሩና ሆዱ ሙሉ ጥቁር የሆነ ውሻ ማግኘት ይቸግራል።

ምክንያቱ የሚገኘው በማኅፀን ውስጥ ነው። ቀለም የሚሠሩ እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። ፅንሱ ገና ሲጀመር እነዚህ ሕዋሳት በጀርባው መሥመር ላይ ነው የሚገኙት። ከዚያ ተነሥተው እንደ መንገደኛ ወደ ጎን፣ ወደ ሆድ፣ ወደ እግር ይጓዛሉ። ነጭ የሚያመጣው ትእዛዝ ጉዟቸውን ያሰናክላል። ያልደረሱበት ቦታ ቀለም የሚሠራለት ስለሌለ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሩቅ የሆነው ደግሞ ደረት፣ የእግር ጣትና የጅራት ጫፍ ነው። ነጭ ማለት እንግዲህ የቀለም ዓይነት ሳይሆን የቀለም አለመኖር ነው።

እነዚህ ሕዋሳት ሥራቸው ጠጉር ማቅለም ብቻ አይደለም። በጆሮ ውስጥም ለመስማት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ነጩ በዝቶ ራስንና ጆሮን ጭምር በሸፈነባቸው አንዳንድ የውሻ ዘሮች ደንቆሮ ቡችላ ይወለዳል። ቡችላው እንቢተኛ መስሏቸው የሚመቱት ሰዎች አሉ። አልሰማም እንጂ አልናቀም። ከኋላው ሆኖ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ነገሩን ለመጠርጠር ይበቃል።

አፍንጫውን እዩ

በዮርክሻየር ቴሪየር ሌላም ድብቅ አለ። አልፎ አልፎ ጥቁር መሆን የሚገባው ቦታ ሁሉ እንደ ቡና የሆነ ቡችላ ይወለዳል። እሱም እንደ ነጩ ከሁለቱም ወላጆች መምጣት አለበት። አንዳንዱ ደግሞ መላ ጠጉሩ ወርቃማ ሆኖ ይወለዳል። ሁለቱ በሩቅ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። መለያው አፍንጫ ነው። ቡናማው ውሻ ጥቁር ቀለም መሥራት ጨርሶ ስለማይችል አፍንጫውም ቡናማ ነው። ወርቃማው ግን ጥቁር መሥራት ይችላል፤ በጠጉሩ ላይ ብቻ ነው ያላሳየው፤ አፍንጫውም አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነው።

አሁን ወደ ላሟ እንመለስ። ሆልስታይን ፍሪዥያን የሚባለው፣ በአገራችንም ለወተት ከአገር ላም ጋር የሚዳቀለው ከብት፣ አብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። በዚህ ዘር ጥቁሩ ብርቱ፣ ቀዩ ድብቅ ነው። ስለዚህ ሁለት ጥቁርና ነጭ ወላጆች ቀይና ነጭ ጥጃ ሊወልዱ ይችላሉ። በውጭ አገር ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለው ቀይ ጥጃ ከዘር መዝገብ ይወጣ ነበር። በኋላ ግን ቀዩም እንደ ጥቁሩ ሆልስታይን መሆኑን ተቀብለው መመዝገብ ጀመሩ። እንግዲህ መግቢያችን ላይ የተገረፈው እረኛ ይቅርታ ሊጠየቅ ይገባው ነበር።

የሰው ልጅስ?

የሰው ቆዳ ጥቁረትና ቅላት በአንድ ጥንድ ዘረመል ብቻ አይወሰንም። ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ከረጢቶች ለእሱ አይበቁም፤ ከአንድ እናትና አባት ጠይምም ቀይም ልጅ ቢወለድ የሚገርም አይደለም።

አንድ ነገር ግን እንደ ቦሎቄያችን ነው። አንዳንድ ጊዜ ጥቁር ከሆኑ እናትና አባት ቆዳውም ጠጉሩም የነጣ ሕፃን ይወለዳል። አልቢኒዝም ይባላል። እዚህ ላይ ሕዋሳቱ ቦታቸው ደርሰዋል፤ ቀለም መሥራት ነው ያልቻሉት። በየአገሩ በዚህ ምክንያት ስንት እናት ተጠርጥራለች፣ ስንቷ ተፈታለች፣ ስንቷስ «እርግማን ነው» ተብላለች! ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ አባትም እናትም አንድ አንድ ድብቅ ትእዛዝ ይዘው ነበር፤ ሁለቱም ለልጁ ሰጡት። አባትየው ሚስቱን ሲጠረጥር ግማሹን የሰጠው እሱ ራሱ ነው።

ልጁ እንደ ማንኛውም ልጅ አስተዋይ ነው። በሽታውም አይተላለፍም። ቢነኩት፣ አብረውት ቢበሉ ምንም አይሆንም። የሚጎዳው ፀሐይ ነው። ቀለም የሌለው ቆዳ በፀሐይ ይቃጠላል፤ ከብዙ ጊዜ በኋላም ካንሰር ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ባርኔጣ፣ እጀ ረጅም ልብስና ጥላ ያስፈልገዋል። ዓይኑም ይደክማልና ትምህርት ቤት ሲገባ ከፊት ወንበር፣ ከሰሌዳው አጠገብ ይቀመጥ።

ድብቁን እንዴት እናውቃለን?

ዛሬ ሀብታም አገር ያለ ውሻ አርቢ ድብቁን ለማወቅ መውለድን አይጠብቅም። ከውሻው ጉንጭ ውስጥ በጥጥ ትንሽ ጠርጎ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል፤ ዘረመሉ ይነበብለታል። ያለዚህ ግን የድሮው ዘዴ አለ። የተጠረጠረውን ወንድ ድብቁ በግልጽ ከሚታይባት ሴት ጋር ማገናኘት ነው። አንድ እንኳ ነጭ ያለበት ቡችላ ከተወለደ ወንዱ ድብቁን ይዟል፤ አለቀ። ካልተወለደስ? ድብቁን የያዘ ከሆነ እያንዳንዱ ቡችላ ነጭ የመውጣት ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። 5 ቡችሎች ተወልደው አንድም ነጭ ያለበት ከጠፋ፣ ያ በአጋጣሚ የሚሆነው ከ32 አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለውሻ ይህ የአንድ ወይም የሁለት ውልደት ጉዳይ ነው። ለላም ግን ቢያንስ 5 ዓመት ይፈጃል። ውሻን ለምን እንደመረጥን አሁን ገባችሁ መሰለን።

ተደብቆ የሚኖረው መልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባላሳሰበን። በሽታም እንደዚሁ ይደበቃል። ዕውር የሆነ፣ እግሩ የተጣመመ፣ ተወልዶ ሳይውል ሳያድር የሚሞት ግልገል ከጤነኞች ወላጆች ሲገኝ፣ ሁልጊዜ ባይሆንም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሀደርስፊልድ ቤንን አስታውሱ። አንድ አውራ በግ በመንጋው ውስጥ ብዙ ዓመት ቢቆይ ሴት ልጆቹን፣ ከዚያም የልጅ ልጆቹን ያጠቃል። አባት የያዘውን ድብቅ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ይይዙታል። ከእነሱ ጋር ሲገናኝ በሁለቱም ከረጢት አንድ ዓይነት ነጭ ቦሎቄ አለ። ከሩቅ ከመጣች በግ ጋር ቢሆን ግን ያን ዓይነት ቦሎቄ የመያዟ ነገር ጠባብ ነው። ስለዚህ ሴት ልጆቹ ለጥቃት ሳይደርሱ አውራውን ከሩቅ ጎረቤት አውራ ጋር መለዋወጥ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም።

ጥያቄ

አንድ ገበሬ ጥቁርና ነጭ ሆልስታይን ላም አለችው። እናቷ ቀይና ነጭ ነበረች። የሚያስጠቃበት ኮርማ ጥቁርና ነጭ ሲሆን፣ ከዚህ በፊት ከሌላ ጥቁር ላም ቀይ ጥጃ ወልዷል። ላሟ ከዚህ ኮርማ ሦስት ጊዜ ተጠቅታ ሦስቱም ጥጆች ጥቁር ሆኑ። አሁን አራተኛውን አርግዛለች። ጎረቤቱ «ከአራት አንዱ ቀይ ነው ተብሏል፤ እንግዲህ የአሁኑ ያለ ጥርጥር ቀይ ነው» ይለዋል። ጎረቤቱ ልክ ነው? ከመመለሳችሁ በፊት ከረጢቶቹን አውጡ። ሦስት ጊዜ ቀይ ቦሎቄ ያለበት ጥንድ ከወጣ በኋላ፣ ከረጢቱ ውስጥ ያሉት ቦሎቄዎች ተለውጠዋል ወይስ እንደ መጀመሪያው ናቸው?